ወሰን

ወሰን በመጀመሪያ የመሬት ቃል ነው፤ የአንዱ ማሳ አልቆ የሌላው የሚጀምርበት። «ወሰነ» ስንል ግን ቆረጠ፣ ውሳኔ ሰጠ ማለታችንም ነው። ለአዋቂነት የደረሰ ልጃቸው የራቃቸው ክርስቲያን ወላጆች ይህን ሁለተኛውን ትርጉም አጥብቀው እንዲይዙ እመኛለሁ። ወሰን በልጁ ላይ የሚጫን ትእዛዝ አይደለም፤ ወላጅ በራሱ ላይ የሚወስነው ነው። «ደውልልኝ» ብሎ ማስገደድ አይቻልም። «ስድብ ከጀመርክ ስልኩን እዘጋለሁ፤ እሑድ መልሼ እደውላለሁ» ማለት ግን ይቻላል።

ሄንሪ ክላውድና ጆን ታውንሴንድ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ሐሳቡን በአሜሪካ ወንጌላውያን ዘንድ በሰፊው አስተዋውቀዋል። እኛ ዘንድ ከግዝት ጋር የሚያምታቱት አሉ። ግዝት እስኪፈታ ድረስ ሰውን ይለያል፤ ወሰን ግን ሰውየውን ሳይሆን ድርጊቱን ነው የሚያስቆመው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው አባት ድርሻውን ለጠየቀው ልጅ ሰጠው፤ ወደ ሩቅ አገር ግን አልተከተለውም። ሲመለስ ደግሞ ከሩቅ አይቶት ሮጠ። ቂም የያዘ ሰው እንዲህ አይሮጥም።

የሚከብደው የልጁን ወሰን ማክበር ነው። «ሽማግሌ አትላኩብኝ» ካለ አለመላክ፤ ጉዳዩን በጸሎት ጥያቄ ስም ለጉባኤ አለመዘርገፍ፤ ሳይጠሩ ደጁ አለመድረስ። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን የሚጠቅስ ወላጅ፣ ኤፌሶን 6 እዚያው ቀጥሎ አባቶችን ልጆቻችሁን አታስቆጡ እንደሚል ያስታውስ። ለፋሲካ አጭር ደብዳቤ፣ ያለ ወቀሳ፣ መልስ ሳይጠይቁ መላክ ይቻላል፤ ልጁ እሱንም አልፈልግም ካላለ።