ቁጥር፣ ሥዕልና ውሳኔ

የንግድ ቤት መዝገብ በቁጥር ይሞላል፤ ውሳኔ ግን በቁጥር ብዛት አይገኝም። በብዙ ገጽ ሠንጠረዥ ውስጥ የተበተነ ገቢና ወጪ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዞ ካልታየ፣ ለሥራ አስኪያጁም ሆነ ለሠራተኛው አንደበት የሌለው ክምር ነው። ቁጥርን በመስመር፣ በዓምድና በቀለም ገልጦ ለዓይን የማቅረብ ጥበብ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ዛሬ ይህንኑ ሥራ በቅጽበት የሚፈጽሙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን መማር በየመሥሪያ ቤቱና በየንግድ ድርጅቱ የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ መሣሪያውን ማንቀሳቀስና መሣሪያው የሚያሳየውን ማንበብ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች መሆናቸውን የጥበቡ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ይህን ታሪክ ባጭሩ እንመልከት፤ ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዊልያም ፕሌፌር በ1759 በስኮትላንድ ተወለደ። በወጣትነቱ የእንፋሎት ሞተርን ባሻሻለው በጄምስ ዋት ዘንድ የንድፍ ሠራተኛ ነበር። በ1786 በለንደን ያሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ የእንግሊዝን የገቢና የወጪ ንግድ በየአገሩና በየዓመቱ ለይቶ በ44 ሥዕላዊ መግለጫዎች አቀረበ። አንዱ መስመር ገቢውን፣ ሌላው ወጪውን ይከተላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት የንግዱ ሚዛን ለማን እንዳደላ ይናገራል። ስለ ስኮትላንድ ንግድ ግን የብዙ ዓመት መረጃ ስላላገኘ፣ የአንዱን ዓመት ብቻ በዓምዶች ሣለው። የዓምድ ግራፍ እንግዲህ የመረጃ እጥረት የወለደው ዘዴ ነበር ማለት ይቻላል። በ1801 ደግሞ ክብ ግራፍን ጨመረበት። የፕሌፌር ዓላማ ግልጽ ነበር፤ ጊዜ የሌለው ነጋዴና ባለሥልጣን ረጅሙን ሠንጠረዥ ሳያገላብጥ የጉዳዩን አካሄድ ባንድ ዕይታ እንዲረዳ ማድረግ ነው።

ጥበቡ ከንግድ መዝገብ ወጥቶ የሰውን ሕይወት ወደሚነካ ጉዳይ ለመሻገር ብዙ አልቆየም። በ1858 ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት የሞቱትን የብሪታንያ ወታደሮች በየወሩና በየምክንያቱ ከፍላ በክብ ሥዕል አሳየች። ሥዕሉ እንዳስረዳው፣ በጦር ሜዳ ቁስል ከሞተው ይልቅ መከላከል በሚቻል በሽታ ያለቀው እጅግ ይበዛ ነበር። ናይቲንጌል ቀለሙን የመረጠችው ለጌጥ ሳይሆን የሠራዊቱን ጤና አጠባበቅ የማሻሻል ሥልጣን የነበራቸውን ሰዎች ለማሳመን ነው።

ከያንያን በተለይ ሊያስታውሱት የሚገባው ሙከራ የተካሄደው በቪየና ነው። ኦቶ ኖይራት በ1925 በዚያች ከተማ የማኅበረሰብና የኢኮኖሚ ሙዚየም አቋቁሞ፣ ስታቲስቲክስን ለተራው ሠራተኛ በሥዕል ማስተማር ጀመረ። ቅርጾቹን በአብዛኛው የነደፈው ጀርመናዊው የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ባለሙያ ጌርድ አርንትስ ነበር። በመረጃ አጥኚውና በሠዓሊው መካከል ቆማ የትኛው ቁጥር እንዴት ይታይ የሚለውን የምትወስነው ደግሞ ማሪ ራይደማይስተር ነበረች። የኖይራት ዋና ሕግ አንድ ነው፤ ብዛት በሥዕሎች ቁጥር እንጂ በሥዕሉ መግዘፍ አይገለጽም። ምክንያቱም የአንድን ምስል ቁመትና ወርድ በእጥፍ ብናሳድግ ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ሁለት እጥፍ የሆነው ነገር ለዓይን አራት እጥፍ መስሎ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ከእጅ ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋገረ። በ1979 ቪዚካልክ የተባለው ፕሮግራም የሒሳብ ሠንጠረዥን በኮምፒዩተር መስተዋት ላይ አመጣ። በ1983 ሎተስ 1-2-3 ሠንጠረዥንና ግራፍን ባንድ ፕሮግራም አጣመረ፤ በ1985 ኤክሴል ተከተለ። በ2003 ታብሎ ሲመሠረት፣ በ2015 ደግሞ ፓወር ቢአይ ገበያ ላይ ሲውል፣ ፕሌፌር በብዙ ድካም የሠራውን ማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ በደቂቃ ውስጥ ሊሠራው ቻለ።

ፍጥነት ግን ከስሕተት አያድንም። አንድ ሱቅ ባንድ ዓመት 92 ሺህ፣ በተከታዩ 96 ሺህ ብር ሸጠ እንበል። ሣዩ ዓምዶቹን ከዜሮ ሳይሆን ከ90 ሺህ ቢያስጀምራቸው፣ ሁለተኛው ዓምድ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ይቆማል፤ እውነተኛው ዕድገት ግን ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ሥዕሉ ግን አሳስቷል።

ከዚህም የከፋው ጨርሶ ያልተሳለው ነው። ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ውስጥ ተሰባብራ 7 ሰዎች አለቁ። በዋዜማው ምሽት የሮኬቱ አምራች ኩባንያ መሐንዲሶች፣ መገጣጠሚያውን የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች በብርድ እንዳይከዱ ሠግተው በረራው እንዲዘገይ ጠይቀው ነበር። አለቆቻቸው ግን ማስጠንቀቂያውን ሽረው ፈቀዱ። በክርክሩ የተነጻጸሩት ጉዳት የታየባቸው በረራዎች ብቻ ስለነበሩ ብርዱና ጉዳቱ የተያያዙ አይመስሉም ነበር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ ያለጉዳት የተመለሱትን በረራዎች የጠየቀ አልነበረም። በኋላ አጣሪው ኮሚሽን ሁሉንም ሲደረድር ነገሩ ፈጦ ወጣ፤ የመገጣጠሚያው ሙቀት 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያ በላይ ከነበረባቸው 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በ3ቱ ብቻ ሲሆን፣ 17 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በታች ከነበረባቸው 4 በረራዎች ግን አንዱም አላመለጠም። በአደጋው ዕለት ጧት አየሩ 2 ዲግሪ ያህል ነበር።

እንግዲህ ይህን ሶፍትዌር የሚያስተምር መምህር ትምህርቱን ከቀለምና ከቁልፍ አይጀምር። ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን ይልመድ፤ ውሳኔው ምንድን ነው? መለኪያው ከየት ይነሣል? ከሥዕሉ የቀረው ማን ነው? ሠዓሊውም ቢሆን የኖይራትን ሕግ እንደ ሙያ ቃል ኪዳን ይያዘው። በውሳኔ ወንበር ላይ የተቀመጠውም ሥዕሉ ስላማረ ብቻ አይፈርም፤ ፕሮግራሙ የተሰጠውን ሁሉ ይሥላል፣ ያልተሰጠውን ግን ከቶ አይጠይቅም። ያን የሚጠይቀው ሰው ነው።