የቺት ቀሚስ ወንጀል የነበረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በጁን 1719 ለንደን ውስጥ የቺት ቀሚስ ለብሶ መንገድ መውጣት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ስፒታልፊልድስ ከሚባለው የሸማኔዎች ሰፈር የወጡ፣ ቁጥራቸው እስከ 4,000 የተገመተ ሰዎች ከተማዋን እየዞሩ አበባ የታተመበት ጥጥ የለበሰች ሴት ሲያገኙ ይከቧታል። ቀሚሷ ላይ ቀለም ይደፉባታል፣ አንዳንዴም የሚያቃጥል አሲድ ይረጩባታል፣ ሲብስም ልብሷን ከላይዋ ላይ ቀደው ይጥሉታል። ጥፋቷ የሕንድ ጥጥ መልበሷ ነው።

“የውጭ ልብስ ይታገድ፣ የአገር ውስጥ አምራች ይጠበቅ” የሚለው ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን የድሃ አገር መንግሥታት አመል ይመስለናል። ወዳጆች፣ አይደለም። ኋላ ላይ ለዓለም ሁሉ ስለ ነጻ ንግድ ስትሰብክ የኖረችው እንግሊዝ ራሷ ከ70 ዓመት በላይ በልብስ ላይ በር ዘግታ ኖራለች።

ለመሆኑ ይህ ጨርቅ ምን ነበረው? “ቺት” የሚለው ቃላችን ራሱ ትውልዱ ከሕንድ ነው። የሕንድ ቀለም ነካሪዎች ቀለሙ ታጥቦ እንዳይለቅ የሚያደርገውን ብልሃት አውሮፓውያን ገና ሳይደርሱበት አሳምረው ያውቁት ነበር። ሱፍ ከባድ ነው፣ ሐር ውድ ነው። ቺት ግን ቀላል፣ ደማቅ፣ ታጣቢ፣ በዚያ ላይ ርካሽ። የእንግሊዙ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1684 ብቻ ከ1 ሚሊዮን ቁራጭ በላይ የጥጥ ጨርቅ አስገብቷል። እመቤቲቱም የቤት ሠራተኛዋም አንድ ዓይነት ልብስ መልበስ ጀመሩ፤ ይሄ ደግሞ ከሸማኔዎቹ ይልቅ ጌቶቹን ያናደደ ይመስለናል። “ሮቢንሰን ክሩሶ”ን የጻፈው ዳንኤል ዲፎ ሳይቀር ብዕሩን ለሸማኔዎቹ አውሶ በቺት ላይ ዘምቷል።

በ1697 ሸማኔዎቹ የኩባንያውን ዋና መሥሪያ ቤት እስከ መውረር ደርሰው ነበር። ፓርላማው በ1700 የመጀመሪያውን ሕግ አወጣ፤ የታተመና የተነከረ የሕንድ ጥጥ እንግሊዝ ውስጥ እንዳይለበስ አገደ። ነጩን ጨርቅ ግን አልከለከለም። ነጋዴው ምን ያድርግ? ነጩን ከሕንድ አስመጥቶ ለንደን ውስጥ ማሳተም። የለንደን የጨርቅ ማተሚያ ቤቶች በዚህ ሕግ ጥላ ሥር አደጉ፣ ሸማኔው እንደገና ተቆጣ፣ የ1719ኙም ረብሻ መጣ።

ሁለተኛው ሕግ በ1721 ወጣ። ይኼኛው የታተመ ጥጥ መሸጥንም መልበስንም ከለከለ። የለበሰ 5 ፓውንድ፣ የሸጠ 20 ፓውንድ ይቀጣል። 5 ፓውንዱ የሚሄደው ለማን መሰላችሁ? ለጠቆመው ሰው! ጎረቤት የጎረቤቱን መጋረጃና የሚስቱን ቀሚስ እየቆጠረ ገንዘብ የሚያገኝበት ሕግ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ ከ1686 ጀምራ እስከ 1759 ከዚህም የከረረ ክልከላ ነበራት። ኮንትሮባንዲስቱን ለመርከብ ቀዛፊነት ባርነት እየዳረገች፣ የንጉሡ ቅምጥ ማዳም ደ ፖምፓዱር ግን ቤቷን በዚሁ በተከለከለ ጨርቅ ታስጌጥ ነበር።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ፤ ትልቁ ነገር ያለው ሕጉ ሳይዘጋ በተዋቸው ቀዳዳዎች ላይ ነውና። የ1721ዱ ሕግ ድሩ ተልባ፣ ማጉ ጥጥ የሆነውን ድብልቅ ጨርቅ አልነካም። ጥሬ ጥጥ ማስገባትንም አልነካም። የማንቸስተር ሰዎች ይቺን አይተው ገቡበት። በ1736 ፓርላማው ድብልቁን አትሞ መሸጥ እንደሚቻል በግልጽ ፈቀደላቸው። የሚወዳደራቸው የሕንድ ቺት ሳይኖር፣ ቺት የለመደ ሕዝብ ግን እያለ፣ አርባ ዓመት ያህል ሠሩ። የጎደላቸው አንድ ነገር ነበር፤ ለድር የሚሆን ጠንካራ የጥጥ ፈትል። እሱን ሪቻርድ አርክራይት በ1769 ፈቃድ ባወጣበት በውኃ ኃይል በሚሠራው መፍተያ አመጣላቸው። ያኔ ድሩም ማጉም ጥጥ ሆነ፤ ዕንቅፋት የሆነው ደግሞ ያው የ1721ዱ ሕግ ነበር! አርክራይት ፓርላማውን ወተወተ፣ ሕጉም በ1774 ተነሳ። የተነሳው ግን ለእንግሊዝ ሥሪት ብቻ ነው። ለመለያ ጨርቁ ጠርዝ ላይ ሦስት ሰማያዊ ክሮች እንዲሸመኑ ታዘዘ፤ የሕንዱ ቺት ውጭ ቀረ።

ልብ በሉ፣ ሕጉን አስጩሆ ያወጣው የለንደን ሐርና የሱፍ ሸማኔ ነበር። የበላው ግን የላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሆነ። የስፒታልፊልድስ ሐር ሽመና በ19ኛው ክፍለ ዘመን እየተመናመነ ከሰመ። ሕጉ የታሰበለትን አላዳነም፤ ያላሰበውን አሳደገ። ደግሞ ይህን ሁሉ የሕግ ብልሃት አድርጎ ማቅረብ ውሸት ይሆናል። ጥሬው ጥጥ ይመጣ የነበረው ከካሪቢያን፣ ኋላም ከአሜሪካ ደቡብ የባሪያ እርሻዎች ነው። ለንደን ውስጥ እንዳይለበስ የታገደው የሕንድ ጨርቅም ወደ ውጭ እንዲሸጥ ተፈቅዶ ስለነበር፣ ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ሄዶ የሰው መግዣ ሆኗል። ተራው የሕንድ ሲደርስ ደግሞ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጨርቅ በትንሽ ቀረጥ እየገባ የሕንድን ሸማኔ ከገበያ አስወጣው። ሕንድ በሯን የምትዘጋበት እጅ አልነበራትም፤ ቁልፉ ያለው ለንደን ነበር።

እኛስ ነጻ አገር አልነበርንም? ነበርን። ግን በ1900 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 1908) አጼ ምኒልክ ከፈረንሳይ ጋር የተፈራረሙትን የክሎቡኮቭስኪ ውል ማየት ነው። ውሉ ከፈረንሳይ ዕቃ ላይ ኢትዮጵያ ልትጥል የምትችለውን ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አሰረው። ሌሎቹም አገሮች “ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባናል” አሉ። ስለዚህ የአሜሪካ አቡጀዲ፣ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ አቡጀዲን ያስወጣው የጃፓን ጥጥ ሲገባ፣ ሸማኔዬን ልጠብቅ ብሎ ቀረጥ መቆለል የሚቻል ነገር አልነበረም። መንግሥት በ1931 (እ.ኤ.አ.) በኤክሳይስና በፍጆታ ግብር በኩል ዞሮ ሊያልፈው ሲሞክር የውጭ ሌጋሲዮኖች ተነሱበት።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ያወጡት። ሸማኔውን “ቁጢት በጣሽ”፣ ብረት ሠሪውን “ጠይብ” እያሉ ማዋረድ ይቅር የሚል አዋጅ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩዋቸው። ለንደን ላይ ሸማኔው የኩባንያ ቢሮ ወርሮ፣ ፓርላማ አስጨንቆ፣ ሕግ ያስወጣል። እኛ ጋ ንጉሠ ነገሥቱ ለሸማኔው ሊያደርጉለት የቻሉት ከስድብ መከላከል ነበር፤ እሱንም ቢሆን አገሬው ስንት ዘመን ሳይሰማ ኖረ። የቀረጡ ቁልፍ በውል ተይዟል፣ ሸማኔውም ጩኸቱን የሚሰማለት አጥቷል። የዶርዜ ሸማኔ እስከ ዛሬ ሽሮ ሜዳ ላይ መታየቱ የማንም መንግሥት ጥበቃ ውጤት አይደለም፤ ነጠላና ቀሚስ የሚያዝ በዓልና ሠርግ ስላለን ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች ልባሽ ጨርቅን እስከ 2019 ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማሙ። ሩዋንዳ ቀረጡን በኪሎ ከ20 የአሜሪካ ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ተኩል አወጣችው። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር “40,000 የሥራ ቦታ አደጋ ላይ ወደቀ” ብሎ ለመንግሥቱ አቤት አለ። ለአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክን የሚፈቅደው አጎዋ መቀጫ ሆኖ መጣ። ኬንያ ቶሎ አፈገፈገች፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳም ተከተሏት። ካጋሜ ግን መዘዝ ቢኖረውም ምርጫው ቀላል ነው ብለው ጸኑ፤ በጁላይ 2018 የሩዋንዳ ልብስ ከአጎዋ ታገደ። ሩዋንዳ ወደ አሜሪካ የምትልከው ልብስ ያን ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል ስላልነበር ጉዳቱን ቻለችው። ብዙ የሚላክ ያላት ኬንያ መቻሏን እንጠራጠራለን።

ሩዋንዳ ውስጥ ልባሹ ሲወደድ ገበያውን የሞላው ግን የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ አልነበረም። ርካሽ አዲስ የቻይና ልብስም ገባ፣ በድንበር ሾልኮ የሚመጣ ቦንዳም ነበረ። የአሮጌው ልብስ ቸርቻሪዎች ደግሞ ሥራቸውን አጡ። በኦገስት 2023 የኡጋንዳው ሙሴቬኒ ልባሹን የሙታን ልብስ ነው ብለው ሲያጥላሉና እንዲቆም አዝዣለሁ ሲሉ፣ የካምፓላ ነጋዴዎች የጮኹት ይህንኑ ፈርተው ነው።

እኛ አገር ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ሆኖ ኖሯል። ያም ሆኖ “ሰልባጅ” የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ቦንዳው በሞያሌና በቶጎጫሌ በኩል ሾልኮ መርካቶ ይደርሳል፣ ይፈታል፣ ይመረጣል፣ ጥሩ ጥሩው ቡቲክ ይሰቀላል፣ የተረፈው አስፋልት ዳር ይዘረጋል። ስንቶቻችን ነን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የመጀመሪያዋን ጂንስ ከዚያ የገዛን? ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራውን አፍሶ የሚሮጠው ግን ቦንዳውን ድንበር ያሻገረው ሰውዬ አይደለም፤ ሦስት ሱሪና አምስት ሸሚዝ የያዘው ልጅ ነው።