ናኩማት ወደቀ፤ የሰፈር ሱቅ ግን አለች

ናይሮቢ የከረመ ነጋዴ ሁሉ ናኩማትን ያስታውሰዋል። ናኩሩ ከተማ ውስጥ ከነበረ የፍራሽ ንግድ ተነስቶ፣ ስሙንም ከዚያው ወስዶ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በሩዋንዳ ከ60 በላይ ቅርንጫፎች የከፈተ ሱፐርማርኬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 መደርደሪያዎቹ ተራቆቱ፤ በጃንዋሪ 2020 ገንዘባቸውን ያልከፈላቸው አቅራቢዎችና ባንኮች ድርጅቱ እንዲፈርስ ድምፅ ሰጡ።

ከእሱ በፊትም ኡቹሚ ነበር። ስሙ በስዋሂሊ «ኢኮኖሚ» ማለት ነው፤ በ1975 በመንግሥት ድርጅቶች ተቋቋመ። በ2006 ተዘግቶ በመንግሥት ድጋፍ ቢከፈትም በ2015 ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጠቅልሎ ወጣ። ቱስኪስም ናኩማት በፈረሰበት ዓመት ዕዳ አንቆ ያዘው።

ሦስቱም ገዢ አጥተው አይደለም የተንገዳገዱት። መደርደሪያው ላይ ያለው አብዛኛው ዕቃ በዱቤ የመጣ ነው። ሱፐርማርኬቱ ከገዢው ገንዘቡን በዕለቱ ይሰበስባል፤ ለአቅራቢው የሚከፍለው ግን ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ነው። በመሀል የሚቆየው ገንዘብ ወለድ የሌለው ብድር ማለት ነው። ያ ገንዘብ ለአዲስ ቅርንጫፍ ሲውል ክፍያ ይዘገያል፤ አቅራቢው ዕቃ ማምጣት ያቆማል፤ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ገዢው ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ዕዳውን የሚከፍል ሽያጭ ከየት ይመጣል?

ይህ ሁሉ ሲሆን ኬንያውያን «ዱካ» የሚሏት የሰፈር ሱቅና አትክልት ሻጯ ማማ ምቦጋ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ምክንያቱ የቤተሰብ ኪስ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ኤንግል በ1857 እንዳሳየው፣ ገቢ ባነሰ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚውለው ድርሻ ይጨምራል። የኬንያ የዋጋ መለኪያ ለምግብ የሚሰጠው ድርሻ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ በኢትዮጵያ ከግማሽ ያልፋል። የዕለት ገቢ ያለው ሰው የሚገዛውም የዕለቱን ነው። ዱካዋ ዘይቱን በትንሽ መለኪያ፣ ሳሙናውን ቆርጣ፣ ስኳሩን በትንሽ ላስቲክ ትሸጣለች፤ «ካዶጎ» ይሉታል፣ ጥቂት ማለታቸው ነው። እኛም አገር ጉልት ላይ ሽንኩርት በመደብ፣ ዘይት በሲኒ ሲሸጥ አድገናል። በኪሎ ሲሰላ ውድ ይሆናል፤ ግን ለዛሬ ራት ይደርሳል።

ዱቤውም አቅጣጫው ይለያል። ሱፐርማርኬቱ ከአቅራቢ ዱቤ ይወስዳል፤ የሰፈር ሱቅ ለጎረቤት ዱቤ ትሰጣለች። ባለሱቋ የተበዳሪውን ቤት ታውቃለች፣ ደመወዝ የሚደርስበትንም ቀን ታውቃለች።

ትልልቆቹ ግን አላለቁም። ካርፉር በ2016 ኬንያ ገብቷል፤ ናይቫስም የወደቁትን ቦታ ይዞ ሰፍቷል። ኬንያ በ2019 ሕጓን አሻሽላ ትልቅ ገዢ አቅራቢን እንዳይበድል መቆጣጠሪያውን አጠንክራለች። ይሁንና ሕግ የዘገየን ገንዘብ ቶሎ አያመጣም። በርበሬ፣ ጤፍ ወይም ቡና ለሱፐርማርኬት የምታስረክቡ ወገኖች፣ ከዋጋው እኩል የመክፈያውን ቀን ተደራደሩ፤ ያለፈው ሳይከፈል ቀጣዩን ጭነት አታራግፉ። በናኩማት ገንዘባቸው የቀረባቸው አቅራቢዎች ባዶው መደርደሪያ ከመታየቱ በፊት ያዩት ምልክት የዘገየ ክፍያ ነበር።