ግዝፈት፣ ግለትና ድምቀት፦ የኮከብ ጠባያት በአማርኛ የስያሜ ታሪክ

ስለ ሰማይ አካላት አማርኛ ከግዕዝ የወረሰው የቃላት ሀብት ጥቂት አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ሲሆን፣ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍሉ ፀሐይና ጨረቃ የሚወጡባቸውንና የሚገቡባቸውን ደጆች ይዘረዝራል። ባሕረ ሐሳብም በዓላትንና አጽዋማትን ለመወሰን የቆመ ስሌት ነው። የእነዚህ ትምህርቶች ጥያቄ «መቼ?» እና «በየት በኩል?» የሚል እንጂ፣ ኮከቡ ምን ያህል ቁስ እንደያዘ ወይም ምን ያህል እንደሚግል የሚጠይቅ አልነበረም። ስለሆነም ዛሬ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው ይበልጥ የሚቸገረው ለኮከቡ ስም በማጣት ሳይሆን፣ የኮከቡን ጠባይ ለይቶ የሚገልጽ ቃል በማጣት ነው።

ጉዳዩን በሁለት ኮከቦች ማስረዳት ይቻላል። በሰሜናዊ አርሲ በምትገኘው በአቦምሳ፣ በታኅሣሥ ወር እኩለ ሌሊት አካባቢ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው ቤላትሪክስ የተባለውን ኮከብ ከአናቱ በላይ ያገኘዋል፤ ኮከቡ ከሰማዩ እምብርት የሚርቀው 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ከእርሱ በስተሰሜን ምዕራብ ቀላ ያለው አልደባራን ይታያል። እነዚህ ሁለቱ በአገራችን የታሪክ ስፍራ አላቸው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ሥርዓት ጥናት እንዳሰፈሩት፣ የቦረና አያንቱዎች ወራትን የሚለዩት ጨረቃ ከሰባት ኮከቦችና የኮከብ ስብስቦች ጋር የምትታይበትን ጊዜ በመከታተል ነው። በዚያ ዝርዝር አልደባራን «በከልቻ»፣ ቤላትሪክስ «አልጋጂማ» ይባላሉ። «በከልቻ» በሰፊው ኦሮምኛ የንጋት ኮከብ መጠሪያ መሆኑ ሲታይ ግን፣ ስም ብቻውን የተሰየመውን ነገር ለይቶ እንደማያሳውቅ እንረዳለን።

አሁን «ትልቁ ኮከብ የትኛው ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። የአልደባራን ወርድ የፀሐይን 45 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ የያዘው ቁስ ግን ከፀሐይ እምብዛም አይበልጥም። ቤላትሪክስ በወርድ የፀሐይ 6 እጥፍ ገደማ ብቻ ሆኖ፣ የያዘው ቁስ 8 እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ «ትልቅ» የሚለው ቃል በአንዱ ትርጉም አልደባራንን፣ በሌላው ቤላትሪክስን ያመለክታል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የኮከብን ዕጣ በዋናነት የሚወስነው የቁሱ ብዛት ነው፤ ቁሱ ሲበዛ የመሐሉ ሙቀት ያይላል፣ ነዳጁም ፈጥኖ ያልቃል።

ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ «ግዝፈት» የሚል ስያሜ ቀርቦ ያውቃል። የግዕዙ «ገዝፈ» ለዚህ ቅርብ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «ግዙፍ» የ«ረቂቅ» ተቃራኒ ሆኖ አካል ያለውን፣ የሚዳሰሰውን ያመለክታልና። በዛሬው አማርኛ ግን «ግዙፍ ሕንፃ» ስንል ስፋቱንና ቁመቱን እንጂ ቁሱን አናስብም። በአንጻሩ ከ«ቁሳቁስ» ጋር የሚዛመደው «ቁስ» ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በፖለቲካ ጽሑፍ «ቁስ አካል» በሚለው ሐረግ ተስፋፍቶ፣ ዛሬ ከፖለቲካው ተላቆ በመማሪያ መጻሕፍት «መጠነ ቁስ» ሆኗል። የትውልዱ ምክንያት ቢያልፍም ቃሉ ጠቃሚ ሆኖ ቀርቷል።

ሁለተኛው ጥንድ ሙቀትን ይመለከታል። የቤላትሪክስ ገጽ መጠነ ሙቀት 22,000 ኬልቪን ያህል፣ የአልደባራን 3,900 ገደማ ነው። «ትኩስ ኮከብ» ብንል አንባቢ አዲስ የተወለደ ኮከብ ይመስለዋል፤ «ሙቅ» ደግሞ ለብ ያለውን ነገር፣ አልፎም የሚጠጣውን ሙቅ ያስታውሳል። የተሻለው የአንጥረኛው ቃል «ጋለ» ነው። አንጥረኛ ብረት ሲግል አስቀድሞ እንደሚቀላ፣ እየበረታ ሲሄድ ወደ ነጭ እንደሚያደላ ያውቃል። ቀዩ አልደባራን ከነጭ ሰማያዊው ቤላትሪክስ ይልቅ የቀዘቀዘ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

ሦስተኛው የብርሃን ጉዳይ ነው። ከምድር ሲታይ አልደባራን ይደምቃል፤ ምክንያቱም ርቀቱ 65 የብርሃን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ቤላትሪክስ ግን 250 ያህል ይርቃል። በእውነቱ ከሁለቱ እጅግ የላቀ ብርሃን የሚረጨው ቤላትሪክስ ነው። ስለዚህ «ድምቀት» ለዓይን ለሚታየው፣ «የብርሃን ኃይል» ኮከቡ ለሚያመነጨው ተለይተው ቢመደቡ ይበጃል።

ስያሜ ዕውቀትን ተከትሎ መታረሙ እንግዳ ነገር አይደለም። በሃርቫርድ የኮከብ መደቦች መጀመሪያ በላቲን ፊደል ተራ ተሰይመው ነበር። አኒ ካነን እ.ኤ.አ. በ1901 ቅደም ተከተሉን ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም አድርጋ አስተካከለችው፤ ሲሲሊያ ፔይን እ.ኤ.አ. በ1925 ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት ደግሞ ተራው የመጠነ ሙቀት ተራ መሆኑ ተረጋገጠ። ቤላትሪክስ የሚመደበው በ«ቢ» ነው።

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሲሆን፣ የሳይንስ ቃላት ሥራ ከዐበይት ተግባራቱ አንዱ ነበር። ከዚያ ልምድ የምንቀስመው ትምህርት አንድ ነው፦ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ቃል ከመመደቡ በፊት፣ ጽንሰ ሐሳቡን ከጎረቤቱ የሚለየው ድንበር መታወቅ አለበት። ያንኑ ሳይንስ በኦሮምኛም በአማርኛም በሚማሩበት እንደ አቦምሳ ባለ አገር ደግሞ ድንበሩ በሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ስፍራ ሊሰመር ይገባል። አለበለዚያ አንዱ ተማሪ «ትልቅ» ብሎ አልደባራንን፣ ሌላው ቤላትሪክስን ያስባል፤ ሁለቱም ልክ እንደሆኑ አምነው ሳይግባቡ ይቀራሉ።