ለግራ እጅ የተሰጠው በገና፣ የሚገለበጠው ጊታር

በገና ደርዳሪን ልብ ብላችሁ እዩት። በልማዱ አውታሩን የሚነኩት የግራ እጁ ጣቶች ናቸው፤ ቀኙ መሣሪያውን ይደግፋል። መጉረስ በቀኝ፣ መጨበጥ በቀኝ፣ ማማተብም በቀኝ በሆነበት አገር፣ የዳዊት መሣሪያ ተብሎ የሚከበረው ባለ አሥር አውታር በገና ዜማውን ለግራ እጅ መስጠቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የአራዳ ሰው ከታላላቆቹ ደርዳሪዎች አንዱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1950 እንጦጦ የተወለዱት መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በ12 ዓመታቸው ገደማ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና ተማሩ፤ ከ1972 ጀምሮም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ጠፋ። እሳቸውም በ1980 ማስተማሩን ትተው ፒያሳ ሱቅ ከፈቱ። አዲስ አበባ በዚያ ጊዜ የምትሰማው ካሴት ነበር፤ ብዙውን ካሴት ያጀበው ሮሃ ባንድ ሲሆን ጊታሩን ሰላም ስዩም፣ ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ ይጫወቱ ነበር።

ጊታርና ቤዝ ግን ከፋብሪካ ሲወጡ በአብዛኛው ለቀኝ እጅ ናቸው። ግራኝ የሆነ ልጅ መሣሪያውን ቢያዞረው ወፍራሙ ክር ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ይሆንበታል። አሜሪካዊው አልበርት ኪንግ እንዲሁ እንዳለ ተጫውቶበታል፤ ጂሚ ሄንድሪክስ ደግሞ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ስትራቶካስተር ጊታር ገልብጦ ክሩን እንደገና አሰረ።

ክሩን ማቀያየር ቀላሉ ሥራ ነው። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባቸው ቦዮች የተቆረጡት በየክሩ ውፍረት ልክ ስለሆነ፣ ወፍራሙ ክር ለቀጭኑ በተሠራው ቦይ አይገባም፤ ቀጭኑም በሰፊው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ቦዮቹን የያዘችው ቁራጭ በአዲስ መተካት አለባት። በሌላው ጫፍ፣ በገና ደርዳሪዎች በርኩማ በሚሉት ዓይነት የክር ማረፊያ ላይ ያለው ችግር ግን ይከብዳል። ብዙ የብረት ክር ጊታር ላይ ማረፊያው ዘንበል ብሎ ይገጠማል፤ ወፍራሙ ክር ቅኝቱን እንዲጠብቅ ጥቂት ርዝመት ይፈልጋልና። ክሩ ተገልብጦ ማረፊያው ካልተስተካከለ፣ ባዶውን ሲመቱት የተቃኘ የሚመስለው ጊታር ጣት ወደ ሆዱ በተጠጋ ቁጥር ከቅኝት ይወጣል። ይህን ሳያውቅ «እጄ አልሆነልኝም» ብሎ የሚተው ልጅ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእንጨቱ እንጂ የእጁ አይደለም።

በኤሌክትሪክ ጊታር ማረፊያው የእያንዳንዱን ክር ርዝመት በብሎን ለማስተካከል ስለሚያስችል መፍትሔው ቅርብ ነው፤ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ከክንድ ሥር መግባታቸው ብቻ ያስቸግራል። ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1961 ሀምቡርግ ውስጥ የቫዮሊን ቅርጽ ያለውን ሆፍነር ቤዝ ሲመርጥ አንዱ ምክንያቱ ግራና ቀኙ እኩል በመሆኑ ቢገለበጥም አለማስጠላቱ ነበር። ለጀማሪ ግራኝ ግን እኔ የምመክረው የናይለን ክር ያለውን ክላሲካል ጊታር ነው፤ ማረፊያው ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለ ስለሆነ የቦዩን ቁራጭ ቀይሮ ክሩን መገልበጥ ይበቃዋል።