ጠላ፣ ኮረፌና የጎንደር ጠማቂዎች፤ በዜና መዋዕል ያልተጻፈ ታሪክ



የዛሬው ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ባልደረቦቼ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ሲያቀርቡልኝ ሰንብተዋል። ከፊሎቹ «ስለ ዳሸን ልትነግረን ነው?» አሉኝ፤ ከፊሎቹም ፈገግ ብለው «ጥናቱ የተካሄደው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነበር?» አሉ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው። ጠላ የሚቀመሰው ከቀትር በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መጠጣት እንጂ ቅምሻ አይደለም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በዛሬው ዓለም ከትልልቅ ፋብሪካዎች ውጭ በትንሽ መጠን፣ በጠማቂው ጥበብና ምርጫ የሚዘጋጅ ቢራ «ክራፍት ቢራ» እየተባለ ይከበራል። ሰዎች ከጠማቂ ወደ ጠማቂ እየዞሩ ይቀምሳሉ፣ ያመዛዝናሉ፣ ይጽፋሉ። በአዲስ አበባም ቦሌ ላይ ቢር ጋርደን የተባለው ቤት በጀርመን ሥርዓት የራሱን ቢራ እየጠመቀ ሲያቀርብ ቆይቷል። እኔ ግን ይህን ዜና ባነበብሁ ቁጥር የሚመጣብኝ አሳብ አንድ ነው፤ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍቶ ደጁን የሚያስታውቅ ጠላ ቤት ምን ሊባል ነው? በእያንዳንዱ ቤት አንዲት ጠማቂ አለች፤ ብቅሉን ራስዋ ታበቅላለች፣ ጌሾውን ራስዋ ትመርጣለች፤ ጠላዋም የጎረቤትዋን ጠላ አይመስልም። ስለዚህ በጎንደር ከተማ፣ በዳባትና በደባርቅ ከቤት ወደ ቤት እየዞርሁ መቅመስና መጠየቅ ጀመርሁ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ከዚያ ዙረትና ከመጻሕፍት የለቀምሁትን ነው።

አስቀድሜ ወደ መጻሕፍቱ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በእ.ኤ.አ. 1770 ሲሆን፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ጤፍ ሲጽፍ የአገሩን መጠጥም አንስቶታል። በሚገባ የተጠበሰ የጤፍ እንጀራ ተቆራርሶ በትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ አፉ ተከድኖ፣ ለጥቂት ቀናት ይማሰላል፤ ሦስት አራት ቀን ሲሰክን ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ያመጣል ይላል። ስሙን ግን «ቡዛ» ይለዋል። ቡዛ ግብፅና ሱዳን ለእህል መጠጣቸው የሚሰጡት ስም ነው፤ ብሩስም በአትባራ ያለው በዚሁ ዓይነት ከገብስ ቂጣ እንደሚሠራ አክሎ ጽፏል። እንግዲህ ይህ ሰው ነገሥታቱን፣ ራሶቹንና ወይዛዝርቱን በየስማቸው እየጠራ ብዙ ቅጽ ሲጽፍ፣ በየዕለቱ በፊቱ የሚቀርበውን መጠጥ በባዕድ ስም ጠርቶ አለፈው። የሠሪዋም እጅ በአረፍተ ነገሮቹ ውስጥ አይታይም፤ እንጀራው ራሱ ተቆራርሶ ራሱ የተዘፈዘፈ ይመስላል።

ብሩስን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይሆንም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ የተጻፉት የነገሥታት ዜና መዋዕሎች የዘመቻ፣ የሹም ሽርና የሃይማኖት ክርክር መዛግብት ናቸው። ግብር ሲገባ እናነባለን፤ ለግብሩ ስንት ሌሊት እንደታደረ አናነብም። በክብር ረገድ ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበረ፤ ጠላ ግን የወታደሩ፣ የገበሬው፣ የደብተራው፣ የሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ነው። ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ስለሌለበት ጾም አያግደውም፤ ስለዚህም ከዓመት እስከ ዓመት ይጠመቃል። እንዲህ ያለ የዘወትር ነገር ጸሐፊ አያገኝም።

ጸሐፊዎቹ ዝም ቢሉም ቋንቋው ዝም አላለም። ሴራ «ይጠነሰሳል» እንላለን፤ ቃሉ የተወሰደው ጠማቂዋ ጌሾውን ከውኃ ጋር ከምታገናኝበት ከመጀመሪያው ሥራ ከጥንስስ ነው። ነገር ሳይጠራ ሲቀር «ጉሽ» ነው፤ የማይረባ ነገር «አተላ» ነው። «ጠመቀ» እና «አጠመቀ» የሚሉት ቃላትም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ይህን የመጨረሻውን ለቋንቋ ባልደረቦቼ ልተውላቸው እንጂ እኔ ብዙ ባልገባበት ይሻላል። የኔ ነጥብ ይህ ነው፤ የፖለቲካችን ቋንቋ ከጠማቂዋ ጓዳ ሲበደር፣ የፖለቲካ ታሪካችን ግን ጓዳውን ዘልሎታል።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ተደፍቶ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል ከውኃ ጋር ይገባና ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመራል። ቀጥሎም እስኪጠቁር ከተቆላ እህል የተዘጋጀው እንኩሮ ወይም ደረቆት፣ ከጌሾ እንጨት ጋር ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻም ውኃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ በጭቃ ይመረጋል። ሲደርስ ተጠልሎ ይቀዳል፤ በተረፈው ላይ ዳግመኛ ውኃ ቢፈስበት ቅራሪ ይሆናል፤ የመጨረሻው አተላ ለከብት ይሰጣል። ይህን ሁሉ እናንተ ከእናቶቻችሁ ዘንድ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ምናልባት ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ነው።

አንዱን ቅምሻ አራዳ አጠገብ፣ ሌላውን አዘዞ አደረግሁ። ሁለቱም ጠማቂዎች ገብሳቸውንና ጌሿቸውን የሸመቱት ከአንድ ገበያ ነበር። የአራዳዋ ጠላ ጠቆር ያለ፣ የወይራው ጭስ ከአፍ ቀድሞ ወደ አፍንጫ የሚደርስ፣ ምሬቱ ዘግይቶ ከምላስ ሥር የሚነሣ ነው። የአዘዞዋ ቀላ ያለ፣ ኮምጣጣነቱ የሚቀድም፣ ጭሱ የማይታወቅ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ደብተሬን አውጥቼ ስንት ኪሎ፣ ስንት ሊትር፣ ስንት ሰዓት እያልሁ የአራዳዋን ጠማቂ ጠየቅኋት። ትንሽ ታገሠችኝና «ልጄ፣ ጆሮህን አምጣ» አለችኝ። ጆሮዬን ጋኑ ላይ አደረግሁ። ከውስጥ ለስለስ ያለ የሚፍለቀለቅ ድምፅ ይሰማል። «ይህ ዝም ሲል ደርሷል ማለት ነው» አለችኝ። የላይኛውን አቆላል በቀለም፣ የጥንስሱን ቀን በሽታ፣ ፍላቱን በድምፅ ትለካለች። እኔ በደብተሬ የያዝሁት የሰዓት ቁጥር ለደጋውና ለቆላው፣ ለክረምቱና ለበጋው የማይሠራ ቁጥር ነበረ። የእርስዋ ልኬት ግን በየትም ይሠራል።

ከጎንደር ወደ ሰሜን ወጥተን ወደ ዳባትና ደባርቅ ስንደርስ ከጠላ በተጨማሪ ኮረፌ እናገኛለን። በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ኮረፌ የቀድሞው በጌምድር፣ በተለይም የቅማንት ማኅበረሰብ መጠጥ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ዛሬ በሰሜኑ ደጋ ብዙ ሰው ይጠጣዋል። ገብሱ ተፈትጎ ሌሊቱን በውኃ ያድራል፤ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውኃ ጋር በሸክላ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። በተፈለገ ጊዜ ከድፍድፉ ተቀንሶ ውኃ ይጨመርበታል፤ በማግሥቱም ይጠጣል። ዳባት ላይ የቀመስሁት ድፍርስ፣ አረፋው ከዋንጫው አፍ የሚገነፍል፣ እንደ ጠላ የማይመርር፣ ነገር ግን ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነበረ። ስለዚህ መጠጥ የታሪክ ሰው ሊያስተውለው የሚገባው ጣዕሙን ብቻ አይደለም። ጠላ ሊጠመቅ ቢያንስ ሳምንት ያህል አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል፤ ኮረፌ ያላት ባልቴት ግን እንግዳ ቢመጣ፣ ደቦ ቢጠራ፣ ለቅሶ ቢሆን በአንድ ቀን ትደርሳለች። የዝናቡ ጊዜ ረዥም በሆነበት፣ መንገዱ በሚቆረጥበት ደጋ ይህ ድፍድፍ እንደ ጎተራ እህል የሚታይ ሀብት ሳይሆን አልቀረም። ይህ ግን የኔ ግምት ነው፤ እናንተ ልትሞግቱት ትችላላችሁ።

ስለ ገብሱ ብዙ አልናገርም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በእ.ኤ.አ. 1927 አገራችንን አቋርጦ ባደረገው ጉዞ በገብሳችን ዓይነት ብዛት መደነቁ የታወቀ ነው። ገበሬው ለቆሎ፣ ለበሶ፣ ለእንጀራ፣ ለመጠጥ ብሎ ለይቶ የያዘውን ዘር ስናስብ፣ ጥቁር ገብስ ለመጠጥ መመረጡን ስናስታውስ፣ ያ ብዛት እንዲጠበቅ የጠማቂዎቹም ምላስ ድርሻ እንዳለው ግልጽ ነው።

ጋኑ ግን ቆም ብለን ልናየው ይገባል። ሸክላው ቀዳዳ ያለው፣ የሚተነፍስ ነው፤ ከጥምቅ ወደ ጥምቅ እርሾውን በግድግዳው ይዞ ያሸጋግራል። ሽታ የያዘ አሮጌ ጋን ከአዲስ ጋን የሚበልጠው በዚህ ነው። በጎንደር ዙሪያ ይህን ዕቃ ሲሠሩ የኖሩት በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ፤ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ያለችው ወለቃ በዚሁ ሥራ ትታወቃለች። ባሎቻቸው ብረት ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ ሁሉ «ቡዳ» እየተባለ ይፈራና ይናቅ ነበር። ሰንበቴው የሚጠጣው፣ ተዝካሩ የሚወጣው እነርሱ በሠሩት ጋን ነው፤ አብሮ መብላት ግን አልነበረም። ከእ.ኤ.አ. 1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ጎረቤቶቻቸው ዛሬም በወለቃ ሸክላ ይሠራሉ፤ ለመንገደኛ የሚሸጡት ግን ጋን ሳይሆን ትናንሽ ምስሎች ናቸው። ስለ ጎንደር ቢራ ታሪክ ስንናገር ጠማቂዋን ብቻ ጠርተን ሸክላ ሠሪዋን ብንተው የብሩስን ስሕተት እኛው ደገምነው ማለት ነው።

ወደ ሌላ አገር አንድ ጊዜ ልውሰዳችሁ፤ ለንጽጽሩ ያስፈልገኛል። እኛ ለምሬት ጌሾ እንደምንጠቀም ሁሉ አውሮፓውያን ሆፕ የተባለውን አበባ ይጠቀማሉ፤ የባቫርያው የ1516 ሕግም ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ ብቻ እንዲሠራ ደንግጓል። የጌሾን መራራ ንጥረ ነገር ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው ለይተው «ጌሾይዲን» በሚል ስም በእ.ኤ.አ. 1995 አሳትመውታል። እንግሊዝ አገር ሆፕ ከመግባቱ በፊት ኤል የተባለውን መጠጥ በየቤቱ የሚጠምቁት በብዛት ሴቶች ነበሩ። ሆፕ ያለበት ቢራ ሳይበላሽ ብዙ ቀን የሚቆይና ርቆ የሚሸጥ በመሆኑ ንግዱ ሰፋ፣ ካፒታል ፈለገ፣ ማኅበር ፈለገ፤ በዚያው መጠን ሥራው ከሴቶች እጅ ወጥቶ ወደ ወንዶች ገባ። ጁዲት ቤኔት ከ1300 እስከ 1600 ያለውን ይህን ለውጥ በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ በዝርዝር አሳይታለች። በኛ አገር ጌሾ ከጥንት ጀምሮ በሴቶች እጅ ሳለ ይህ ለውጥ አልተከተለም። ስለዚህ ሴቶቹን ከንግዱ የሚያወጣቸው ቅጠሉ ሳይሆን ካፒታሉ ነው ባይ ነኝ።

ካፒታሉ ወደ አዲስ አበባ በእ.ኤ.አ. 1922 በቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ስም መጣ፤ ወደ ጎንደር በ2000 በዳሸን። እነሆ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለስሁ። ፋብሪካው ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል፤ ከተማዋም ትኮራበታለች፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። የምታዘበው ስሙን ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ራስ ዳሸን፣ ገብስ እስከ መጨረሻ ከፍታው የሚዘራበት፣ የጠላና የኮረፌ አገር ተራራ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ያረፈው ግን ከአውሮፓ የመጣ የላገር ቢራ ነው። የቢራ ፋብሪካ ፕሮቲኑ ያነሰ፣ ፍሬው እኩል የሆነ የብቅል ገብስ ይፈልጋል፤ የደጋው ገበሬ በየዓይነቱ የጠበቀው ገብስ ለዚያ መስፈርት አይመችም። ስለዚህ ተራራው ስሙን ሲሰጥ እህሉ ከደጅ ቀረ። በሠርግ ቤትም ለክብር እንግዳ ጠርሙስ ሲቀርብ ጠላው ወደ ጓሮ ድንኳን መሄዱን ሁላችሁም አይታችኋል።

ባለፈው ዓመት ወደ አራዳዋ ጠማቂ ተመለስሁ። ጋኑ ተሰንጥቆ በቦታው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ቆሟል። ጠላው ያው ገብስ፣ ያው ጌሾ፣ ያችው እጅ ነው፤ ነገር ግን ያ ቀድሞ አፍንጫ የሚደርሰው ሽታ የለም። ሳልጠይቃት ራስዋ «ይሄ ጭስ አይቀበልም» አለችኝ። አዲስ ጋን የሚሠራላት ሰው ከወዴት እንደምታገኝ አታውቅም።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ጠየቅኋት። ከዓመታት በፊት በጻፍሁት አንድ ጥናት ጠማቂዎቹን «መረጃ ሰጪ 1»፣ «መረጃ ሰጪ 2» ብዬ ነበር የጠቀስኋቸው፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹን እየወቀስሁ እኔም ስም አልባ አድርጌአቸዋለሁ። ስለዚህ በዚህ ገለጻ ስምዎን ልጥራ ወይ ብዬ አስፈቀድሁ፤ ጥያቄው ከባድ ስለመሰለኝ ያን ቀን አንቱ አልኋት። እምቢ አለችኝ። ልጅዋን የዳረችበት ቤት ጠላ ሻጭ መሆንዋን በጽሑፍ እንዲያነብ አትፈልግም። ሁለት ልጆች በዚያ ጋን አስተምራለች፤ አንደኛው ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ተመርቋል።

ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚህ ጥያቄ ጀምሩ፤ ስምዋን እንዳትናገር ያደረጋት ምንድን ነው? መልሱን በመጻሕፍት ብቻ አታገኙትም፤ ከቀትር በፊት ሂዱ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ።