ማሊያና ባንዲራ፦ የጎዳና ብስክሌት ውድድር በአሥመራና በኢትዮጵያ ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ለጥናት መጽሔት የቀለለ ሊመስል ይችላል። የአገራችን የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ መሬት ይዞታና ስለ አብዮት ብዙ ጽፈዋል። ስለ ብስክሌት ውድድር ግን ከጋዜጣ የስፖርት ዓምድ ያለፈ እምብዛም አልተጻፈም። ሆኖም አንድ የጎዳና ውድድር ሲካሄድ ሦስት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። ከመነሻው መስመር ላይ እንዲሰለፍ የሚፈቀድለት ማን ነው? የሚለብሰውስ የማንን ማሊያ ነው? ከውድድሩ በኋላስ ስሙ በማን መዝገብ ይሰፍራል? እነዚህን ጥያቄዎች ስንከተል የቅኝ አገዛዝን፣ የፌዴሬሽንን፣ የመለያየትንና የስደትን ታሪክ በአንድ ጎዳና ላይ እናገኛለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አማተር ማለት ማን ነው?

«አማተር» የሚለው ቃል መነሻው የላቲን ሲሆን ፍቅርን ያመለክታል። አማተር ማለት ለገንዘብ ሳይሆን ለነገሩ ፍቅር ሲል የሚወዳደር ሰው ነው። የቃሉ ታሪክ ግን እንደ ትርጉሙ የዋህ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር የወጡ ደንቦች መካኒኩን፣ የእጅ ባለሙያውንና የቀን ሠራተኛውን ከአማተርነት አግልለዋል። የሚባለው ምክንያት በጉልበቱ የሚኖር ሰው ያለ አግባብ ብልጫ ያገኛል የሚል ነበር። በተግባር ግን ደንቡ ጨዋውን ከሠርቶ አደሩ የሚለይ አጥር ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ አጥሩ በግልጽ የቀለም አጥር ሆነ። የአሜሪካ የብስክሌተኞች ማኅበር በ1894 አባልነትን ለነጮች ብቻ ወሰነ፤ ውሳኔው በይፋ የተሻረው በ1999 ነው። ይህ አጥር በተተከለ በ5 ዓመት፣ በ1899፣ ጥቁሩ አሜሪካዊ ሜጀር ቴይለር በሞንትሪያል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህን የምናነሣው በኋላ በአሥመራ የሆነውን ብቸኛና ድንገተኛ አድርገን እንዳንመለከተው ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1900 ከተመሠረተ በኋላ በ1965 የአማተሮችና የሙያተኞች ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እንደገና የተዋሐደው በ1992 ሲሆን ሙያተኞች በኦሊምፒክ የብስክሌት ውድድር እንዲሳተፉ የተፈቀደው ከ1996ቱ የአትላንታ ጨዋታ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች በ1956፣ በ1960ና በ1968 የኦሊምፒክ ጨዋታዎች የምንጠቅሳቸው ጋላቢዎች ሁሉ በሕጉ አነጋገር አማተሮች ነበሩ።

አሥመራ፣ 1937–1939

ብስክሌት ወደ ኤርትራ የገባው ከጣሊያን ቅኝ አገዛዝ ጋር ነው። የገባበት በር በቋንቋችን ውስጥ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ጎሚስታ፣ ራሱ ማሊያም ሳይቀር የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ቃላቱን እኛ ወስደናቸዋል። ውድድሩ ግን ለአገሬው ሰው በቀላሉ የተሰጠ አልነበረም።

በአሥመራ የመጀመሪያው የብስክሌት ውድድር የተካሄደው ሚያዝያ 21 ቀን 1937 ሲሆን ተወዳዳሪዎቹ ጣሊያናውያን ብቻ ነበሩ። ቀኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሚያዝያ 21 ፋሺስቱ መንግሥት የሮማን ከተማ ልደት በብሔራዊ በዓልነት የሚያከብርበት ዕለት ነበር። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1937፣ ከቅኝ ተገዥ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖርን ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት የሚቀጣው ድንጋጌ ወጥቷል። በአዲስ አበባ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ከተፈጸመም ገና ሁለት ወር መሆኑ ነበር። እንግዲህ የአሥመራ ጎዳና ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድር የተከፈተው ሕጉ ገዥና ተገዥ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳይኖሩ በከለከለበት ሳምንት ነው።

በ1939 ግን ያልተለመደ ነገር ሆነ። ጣሊያናውያንና ኤርትራውያን ጋላቢዎች ጉልበታቸው የሚፈተንበት አንድ ውድድር ተዘጋጀና ከአንድ መስመር ላይ ተነሡ። ያሸነፈው ኤርትራዊው ገብረማርያም ገብሩ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 29 ቀን በወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በአገሬው ተወላጅ ፊት «የዘር ክብርን» የሚያዋርድ ጣሊያናዊ በወንጀል እንዲቀጣ ተደነገገ። ሕጉን ውድድሩ አመጣው ማለታችን አይደለም፤ የዘር ሕጎቹ መነሻ ሮማ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ዓመት መገኘታቸው አንድ ነገር ያስተምራል። በሕግ ሊጠበቅ የሚያስፈልገው ክብር በጎዳና ላይ ሊጠፋ እንደሚችል ገዥዎቹ ራሳቸው ያውቁ ነበር።

የጎዳና ብስክሌት ውድድር ለዘር ተዋረድ የማይመች ስፖርት መሆኑም ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። በጎዳና ላይ ዋናው ጠላት ንፋስ ነው። ከፊት ያለው ጋላቢ ንፋሱን ሲቆርጥ ከኋላው የተጠጋው ጉልበቱን ይቆጥባል። ስለዚህ ተቀናቃኞች እንኳ ከቡድኑ ሲያመልጡ ተራ በተራ ከፊት እየሆኑ መተጋገዝ ይገደዳሉ። እምቢ ያለ ብቻውን ይደክማል። ጣሊያናዊው ከኤርትራዊው ኋላ ተጠግቶ ከንፋስ ሊከለል፣ ኤርትራዊውም ለጣሊያናዊው ንፋስ ሊቆርጥ ነው። በቡና ቤት፣ በሲኒማና በመኖሪያ ሰፈር የተለያዩ ሰዎች በጎዳና ላይ ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል።

ከዚህ ጋር አንድ የተለመደ ማብራሪያ መመርመር ይገባል። የአሥመራ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። የደጋው አየር ስስ በመሆኑ በዚያ የኖረ ሰው ሳንባ ይጠነክራል፤ የድሉም ምሥጢር ይኸው ነው ይባላል። ነገር ግን በ1930ዎቹ መጨረሻ ከአሥመራ ነዋሪ ግማሹ ያህል ጣሊያናዊ ነበር። የሚተነፍሱት አየር አንድ፣ የሚወጡት ዳገት አንድ ነበር። ድልን ለተራራው መስጠት ሰውየውን ከታሪኩ ማስወጣት ይሆናል። ትናንት «አይችሉም» ይል የነበረው ንግግር ዛሬ «በተፈጥሮ ይችላሉ» ወደሚል ሲለወጥ፣ በሁለቱም ውስጥ የሌለው ልምምዱ፣ ብልሃቱና የውድድር እውቀቱ ነው።

የኢትዮጵያ ማሊያ

የጣሊያን አገዛዝ በ1941 ሲወድቅ ኤርትራ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ዋለች። በ1946 የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር ተካሄደ፤ አሸናፊውም ጣሊያናዊው ኑንዚዮ ባሪላ ነበር። ይህ የዙር ውድድር ዳግም የተካሄደው በ2001 ነው። በመካከሉ 55 ዓመት አለፈ። ከተማይቱ ብስክሌተኛ ማፍራቷን ግን አላቋረጠችም። ልጆቿ በዓለም ፊት የታዩት የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሰው ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊው ፈተናም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1956 በሜልቦርን ነው። ከላከቻቸው 12 ተወዳዳሪዎች 4ቱ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ እነርሱም ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋናና ፀሐዬ ባሕታ ናቸው። ውድድሩ 187 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሲሆን የወርቅ ሜዳይ ያገኘው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነበር። የኢትዮጵያ ጋላቢዎች ሜዳይ አላገኙም። ነገር ግን ከ1941 ወዲህ ገና 15 ዓመት ብቻ እንዳለፈ ስናስታውስ፣ በአንድ መነሻ መስመር ላይ ከጣሊያናውያን ጋር በእኩል ደንብ መሰለፋቸው ራሱ የሚመዘገብ ነገር ነው። የአገራችን የኦሊምፒክ ታሪክ ሲነገር ግን አዘውትሮ የሚጀመረው ከ1960 ነው። በዚያ ዓመት አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳናዎች ማራቶንን አሸነፈ፤ በዚያው በሮማ ገረመው ደንቦባም ዳግመኛ በብስክሌት ተሰልፎ ነበር። የአበበ ድል ታላቅነት ሌላውን ሁሉ ጋረደው። በዚህ የምንወቅሰው ሰው የለም፤ የሚያበራ ነገር ጥላ ይጥላልና።

በ1968 በሜክሲኮ ኢትዮጵያን የወከሉት ብስክሌተኞች ስም ሲታይ የነገሩ ውስብስብነት ጎልቶ ይወጣል። ተከስተ ወልዱ፣ የማነ ነጋሲ፣ ፍስሐጽዮን ገብረየሱስና ሚካኤል ሳግሊምቤኒ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ነበሩ፤ ከቡድኑም አብዛኞቹ የአሥመራ ልጆች ነበሩ። የመጨረሻው ስም ሁለተኛ ክፍል ጣሊያንኛ ነው። ስለ ሰውየው ትውልድ ከስሙ አልፈን መናገር አይገባንም። ሆኖም የ1937ቱ ድንጋጌ ሐበሻና ጣሊያን በአንድ ቤት እንዳይኖሩ በከለከለ በ31 ዓመቱ፣ የሐበሻና የጣሊያን ስም በአንድ ቡድን ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሶ መገኘቱን ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም።

በዚህ መካከል ፖለቲካው ወዴት እንደሄደ ይታወቃል። በ1952 የተጀመረው ፌዴሬሽን በኅዳር 1962 ፈረሰ፤ የትጥቅ ትግሉም እስከ 1991 ዘለቀ። እንግዲህ በሜክሲኮ የተሰለፉት ጋላቢዎች የአገሪቱን ማሊያ የለበሱት በአገራቸው ጦርነት እየተካሄደ ሳለ ነው።

ሁለት መዝገብ፣ አንድ ጎዳና

ኤርትራ በ1993 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ2000 በሲድኒ ነው። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ለሁለት ተከፍሎ ይነገራል። በአንደኛው አነጋገር ከገብረማርያም ገብሩ በቀጥታ ወደ ዛሬው ትውልድ ይታለፋል፤ በመካከል ያሉት ሰዎች የለበሱት ማሊያ ስለሚያሳፍር ወይም ስለሚያወዛግብ በዝምታ ይዘለላሉ። በሌላው አነጋገር እነዚሁ ሰዎች የኢትዮጵያ ስፖርት ጌጦች ተብለው ይቆጠራሉ፤ ከየት ከተማ፣ ከየትኛው ታሪክ እንደመጡ ግን አይነሣም። ሁለቱም የሚሠሩት ስሕተት አንድ ነው። ሁለቱም ማሊያውን የልብ ማስረጃ አድርገው ይወስዱታል።

በእኛ እምነት ግን ማሊያ ስለ መንግሥት እንጂ ስለ ልብ አይመሰክርም። በ1968 የኢትዮጵያን ማሊያ የለበሰ የአሥመራ ወጣት በዚህ ብቻ የአንድነት ደጋፊ ነበር ሊባል አይችልም፤ ከሐዲ ነበርም ሊባል አይችልም። መወዳደር የሚፈልግ አማተር በዘመኑ የነበረው በር አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለታሪክ ጸሐፊ የሚበጀው ደንብ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በዘመኑ በለበሰው ማሊያና በተወለደበት ከተማ ስም አብሮ ይመዝገብ። ማሊያውን ዛሬ መልሶ ቀለም መቀባት ከሰነድ ማጥፋት አይለይም።

ይህ ያለፈ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትግራዩ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 የቆየው ጦርነት ጋላቢ ያፈራውን ያንኑ ምድር አወደመው። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ ከዚያው ከትግራይ የተገኘችው እየሩ ገብሩ በጎዳና ብስክሌት የተወዳደረችው የስደተኞችን ቡድን ማሊያ ለብሳ ነው። እንደ እኛ በባዕድ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ስም ከሌሎቹ ሁሉ ይቀርባል። በ1937 በዘሩ ምክንያት ከመነሻው መስመር የተከለከለ ነበረ፤ በ1968 የሌላ መንግሥት ነው ሊባል የሚችል ማሊያ የለበሰ ነበረ፤ በ2024 ደግሞ የየትኛውንም አገር ማሊያ ሳትለብስ የተሰለፈች ተገኘች።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 1 ቀን 2024፣ የአሥመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ የቱር ደ ፍራንስን ሦስተኛ ምዕራፍ በማሸነፍ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። በውድድሩም ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ የአረንጓዴውን ማሊያ ባለቤትነት አገኘ። የመጀመሪያው ድሉ የተገኘበት ከተማ ቱሪን ነው፤ በጣሊያን ምድር። በ1939 ገብረማርያም ገብሩ የጀመረው ነገር በ85 ዓመቱ ወደ ጣሊያን ተመለሰ ማለት ይቻላል። የዚያን ቀን የብዙዎቻችን ልብ፣ የአሥመራም ሆነ የአዲስ አበባ ልጆች ብንሆን፣ አብሮ ነበር። ደስታችን ግን ሥራችንን አያስቀርም።

የቀረን ሥራ

ከ1956 እስከ 1991 የተወዳደሩት ብስክሌተኞች ካሉበት በሕይወት የሚገኙት ዕድሜያቸው ገፍቷል። ከእነርሱ ጋር የሚሄደው የውጤት ሰንጠረዥ አይደለም፤ እርሱ በኦሊምፒክ መዛግብት ተጽፏል። የሚጠፋው በሰንጠረዥ የማይጻፈው ነው። ብስክሌታቸውን ከየት አገኙ? ከሥራ ወጥተው በየትኛው ሰዓት ይለማመዱ ነበር? በዳገት ላይ ማን ለማን ንፋስ ቆረጠ? ማሊያውን ሲለብሱ ምን ተሰማቸው? ይህን የሚመልሱት እነርሱ ብቻ ናቸው። ከእነርሱ መካከል በስደት የሚኖሩ ካሉ ለመጠየቅ የሚቀርቡት ለእኛ ነው። በሁለቱ መንግሥታት ድንበር ያልታጠርን ምሁራን፣ ለአንዱ ባንዲራ ጠበቃ ሳንሆን፣ ቃላቸውን በስማቸው ልንመዘግብ ይገባናል። ለሌላው ጥያቄያችን ሁሉ ስምምነት ላይ መድረስ ላያስፈልገን ይችላል። ለዚህኛው ግን በጎዳና ላይ እንደሚደረገው ተራ በተራ ከፊት ሆነን ንፋሱን መቁረጥ ይበቃናል።